ዲሹ ምን በደለ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ ቻናል ሲጠፋ ዲሹን አስተካክሉ የሚል ምክር አንብቤ ነው የምጽፈው። ቴሌቪዥን በኮምፒውተር ለምናይ ሰዎች ይህ ሁልጊዜ አይሠራም።

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ የሳተላይት ትዩነር ካርድ (የሪሲቨርን ሥራ ኮምፒውተር ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ሰሌዳ) አስገጥሜ ነበር። ግማሾቹ ቻናሎች ጥርት ብለው ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ድራሻቸው የለም። የጠራሁት ዲሽ ሠሪ ገና ከበር ሳይገባ ዓይኑ ጣራው ላይ ነው። (ሂሳቡ የሚቆጠረው እዚያ ሲወጣ ነዋ!) «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገመዱን ሪሲቨር ላይ ሰካው» አልኩት። ሁሉም ቻናል መጣ። ስለዚህ ዲሹ ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሹ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤልኤንቢ የሚባለው፣ ለቨርቲካል (ሞገዳቸው በቁም ለሚመጣ) ቻናሎች 13 ቮልት፣ ለሆሪዞንታሎቹ (በአግድም ለሚመጡት) 18 ቮልት ይፈልጋል። የሚልክለት ካርዱ ነው። ሆሪዞንታል ቻናል ከፍተን ካርዱ የሚያወጣውን በቴስተር ስንለካው 13 ላይ ቆሟል። ለካስ ካርዱ ጥግ ላይ ከፓወር ሰፕላዩ ኃይል የሚቀበል ባለአራት እግር ሶኬት አለ፤ የገጠመው ባለሙያ ባዶውን ትቶታል። ኮምፒውተሩን አጥፍተን ሰካነው። የጠፉት ሁሉ ከች አሉ።

ደግሞ ዲቪቢ ኤስ የሚባለውን የቀድሞ የሳተላይት ስርጭት ዘዴ ብቻ የሚቀበል አሮጌ ካርድ፣ ከእሱ በኋላ በመጣው በዲቪቢ ኤስ2 የሚተላለፉትን ቻናሎች አያነብም። ዲሹን ቀኑን ሙሉ ብታዞሩት ወይ ፍንክች!

እባካችሁ ከፕሮግራም ዝርዝራችሁ ጎን የየቻናሉን ፍሪኩዌንሲ፣ ሲምቦል ሬት (የስርጭቱን የመረጃ ፍጥነት) እና ፖላራይዜሽን (ቨርቲካል ወይስ ሆሪዞንታል መሆኑን) አትሙልን። ፊደሉ ግን ተለቅ ይበል።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር