አባዬ፣ በስልክ ያልነገርኩህ

አባዬ እንደምነህ፣ ጉልበትህስ? የግፊት መድኃኒትህን እየዋጥክ ነው አይደል፣ ሻል ሲልህ እንደምታቆም አውቃለሁ፣ በማርያም እንዳታቆም። ውሃው በፈረቃ ሆኗል አለችኝ እቴቴ፣ ጀሪካን እንዳትሸከም፣ ለሰፈር ልጆች ንገራቸው።

እኛ ደህና ነን። ናቲ አድጎልሃል፣ በግራ እግሩ ነው የሚመታው፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ኳስ ይዞ ነው የሚወርደው። ጎንበስ ስለማልችል ጠዋት ጠዋት ካልሲዬን የሚያደርግልኝ እሱ ነው፣ ተረከዙን ወደላይ አዙሮ ያደርገውና "በቃ አባቢ ሜዳ ግባ" ይለኛል።

ሜዳ የለም አባዬ። ሐኪሙ ኤምአርአዩን አየና ብሎኑ አከርካሪህን ይዞታል፣ ትራመዳለህ ሥራም ትሠራለህ፣ ግን ለጭንቅላት ኳስ ዘለህ እንደዛ ዳግም ብትወድቅ እግርህን ልታጣው ትችላለህ አለኝ። ኮንትራቱም ቀርቷል። ያኔ እግሬ ደንዝዞ "አታንሱኝ" እያልኩ ልጆቹ ደንግጠው በብብትና በእግሬ አንጠልጥለው አወጡኝ፣ አከርካሪው የተጎዳ ሰው እኮ አንገትና ወገቡ ሳይንቀሳቀስ በጠንካራ ቃሬዛ ነው የሚነሳው፣ ግን ማን አስተምሯቸው፣ አልፈርድባቸውም።

ባንተ ነው ያዘንኩት። ኦፕራሲዮን ልገባ ስል አልጋዬ አጠገብ ቆመህ "ነግሬህ ነበር" አልከኝ። ሌላ ቃል አልነበረህም? ጥር 1954 ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትበላ በአያቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አየሁ እያልክ፣ መንግሥቱ ወርቁን እያወራህልኝ ያሳደግከኝ አንተ ነህ እኮ! የመጀመሪያ ታኬታዬንም የገዛኸው አንተ ነህ፣ አልረሳሁትም። ከዛ ሥራዬ ሲሆን "ኳስ እንጀራ አይሆንም" አልክና ስታዲየም አንድ ቀን እንኳን ሳትመጣ ቀረህ፣ እኔ ደግሞ ስንቴ ጎል አግብቼ ዓይኔ ተመልካቹ መሀል አንተን ሲፈልግ ነበር።

እቴቴ ጨዋታዬን ጓዳ ገብተህ በሬዲዮ ትሰማ እንደነበር ነግራኛለች። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ካንተ አፍ ልስማው፣ የሌላ ሰው ምስክርነት አልፈልግም።

እሁድ ናቲን ይዤ ሰበታ እመጣለሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲው ወገቤን ቢያስጮኸውም እመጣለሁ። ልጁ ኳሱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ እባክህ ለኔ ያልከኝን ለሱ እንዳትለው። መድኃኒቱ ካለቀ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ደውልልኝ፣ ገዝቼ እንድመጣ።

ልጅህ