አባዬ፣ ማወቅ ትፈልጋለህ?

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? እኔም ልጆቹም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሹ «አባባ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይጠይቃል።

ይህን ደብዳቤ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ነው የላክሁልህ። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ድምፅህን ስሰማ ሆዴ ይባባል። ከዚያ ስለ አየሩና ስለ ጤፍ ዋጋ አውርተን እንዘጋለን። ፊደሉን ያተለቅሁት አንተው ራስህ እንድታነበው ነው። እባክህ ለማንም አታስነብብ። መነጽርህን አድርግና በረንዳው ላይ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ቅዳሜ ከማታ ሥራ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቴሌቪዥኑን ስከፍት የድሮ ፊልም ይዟል። አንተ በጎረምሳነትህ ፒያሳ ሲኒማ አምፒር እየተሰለፍክ ትገባ በነበረበት ዘመን አካባቢ፣ በፈረንጆቹ 1958 የተሠራ ነው። ርዕሱ «ካት ኦን ኤ ሆት ቲን ሩፍ» ይባላል። በጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያለች ድመት እንደማለት ነው። ቆርቆሮ በቀትር ምን እንደሚመስል ለአንተ አልነግርህም። ክረምት ሊገባ ሲል እላዩ ላይ ወጥተህ ምስማር ስትመታ ነው ያደግነው።

ታሪኩ አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የጥጥ እርሻ ላይ ነው። የቤቱን ጌታ ቢግ ዳዲ ይሉታል። 28,000 ኤከር መሬት አለው። በእኛ ልኬት ወደ 280 ጋሻ ይሆናል። ከአባይ ሸለቆ ወዲህ እንዲህ ያለ ለም መሬት የለም ይባልለታል። አባይን እዚያ ሚሲሲፒ ውስጥ ሲጠሩት ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ።

65ኛ ዓመቱን ሊያከብሩለት ቤተሰቡ ተሰብስቧል። ሰውየው ገና ከምርመራ መመለሱ ነው። ካንሰር አለበት፣ የሚድን አይደለም። ለእሱና ለሚስቱ ግን የተነገራቸው የአንጀት መኮማተር ብቻ ነው ተብሎ ነው። ደስ ብሎታል። ከሞት አመለጥኩ ብሎ ስለሚኖረው ዕድሜ ያቅዳል። እውነቱ የተነገረው ለልጆቹ ነው።

ትልቁ ልጅ ጉፐር ጠበቃ ነው። ሚስቱ አምስት ወልዳ ስድስተኛውን ይዛለች፤ የንብረቱን ወረቀት አሰናድተው ነው የመጡት። ትንሹ ብሪክ ስመ ጥር ስፖርተኛ ነበር። የቅርብ ጓደኛው ራሱን ካጠፋ ወዲህ ከመጠጥ አይላቀቅም። ሌሊት ሰክሮ የሩጫ መሰናክል እዘላለሁ ሲል እግሩን ተሰብሮ በክራንች ይሄዳል። ሚስቱን ማጊን አያቀርባትም። ማጊ ናት እንግዲህ በጋለው ቆርቆሮ ላይ ያለችው ድመት። እግሯ እየተቃጠለ አልወርድም ያለች።

ማጊን ሆና የምትጫወተው ኤልሳቤጥ ቴይለር ናት። ያኔ 26 ዓመቷ ነበር። ፊልሙ እየተቀረጸ ሳለ ባለቤቷ ማይክ ቶድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እሷም አብራው ልትሄድ ነበር፣ ጉንፋን ስለያዛት ቀረች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፊቷን ደግሜ አየሁት። ማጊ ስትስቅ ውስጧ የነበረውን ሳስብ አለቀስኩ። ብሪክን ፖል ኒውማን፣ ቢግ ዳዲን ደግሞ በርል አይቭስ ይጫወቱታል። በርል አይቭስ ገና ሃምሳ እንኳን አልሞላውም ነበር፤ አካሄዱን ስታይ ግን ሽማግሌ አይደለም ብለህ አታምንም። ፊልሙ ለስድስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ምድር ቤቱ ውስጥ ያለው ነው። አባትየው እውነቱን የሰማው ከብሪክ ነው። ለምን ትጠጣለህ ብሎ አፋጠጠው። ልጁ በዙሪያዬ ያለው ውሸት አስጠልቶኝ ነው አለ። እየተናነቁ ቆይተው እውነቱ ከልጁ አፍ አመለጠ። አባትየው ሕመሙን ይዞ ብቻውን ወደ ምድር ቤት ወረደ። ብሪክ ተከተለው። ቦታው ከአውሮፓ ተገዝቶ በመጣ ውድ ዕቃ ተሞልቷል። ከዚያ ሁሉ መሐል ግን ሽማግሌው የሚያወጣው አንድ አሮጌ ሻንጣ ነው። ከአባቱ የወረሰው ያንን ብቻ ነው። አባቱ ቤት አልባ፣ ከባቡር ባቡር እየዘለለ የሚዞር ድሃ ነበር። ቢግ ዳዲ መጀመሪያ እያፈረ ነው የሚያወራው። ከዚያ ልጁ ትወደው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ያኔ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ያ ድሃ ሰው ልጁን በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞር እንደነበር ትዝ አለው። ሁለቱ ተደጋግፈው ደረጃውን ሲወጡ ስልኬን አንስቼ የአንተን ፎቶ አየሁ።

ልብ በል፣ እንዲህ የተነጋገሩት እውነቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳን እንዲህ ተቀምጠው አላወሩም።

ያሳዘነኝ አንድ ነገር ግን አለ። ፊልሙ የተወሰደው ቴነሲ ዊሊያምስ ከጻፈው ተውኔት ነው፤ ተውኔቱ በ1955 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ተውኔቱ በብሪክና በሟቹ ጓደኛው መካከል ከጓደኝነት ያለፈ ስሜት እንደነበር ያነሳል። የዘመኑ የሆሊውድ ሳንሱር ይህን አይፈቅድም ነበርና ፊልሙ ሸፋፍኖ አለፈው። ጸሐፊው በፊልሙ አልተደሰተም። እውነቱን ነው እላለሁ እኔም። ውሸትን ለማሳየት የተነሳ ፊልም ራሱ እውነት እንዲደብቅ መገደዱ ከባድ ነው።

አባዬ፣ «የአንጀት መኮማተር» የሚለውን ስሰማ ከተኛሁበት ሶፋ ተነስቼ ተቀመጥኩ። እኛ «ጨጓራ» ነበር ያልነው።

ሐኪሙ የእማዬን ነገር ኮሪደር ላይ ለአንተና ለወንድሜ ነገራችሁ። ወንድሜ በዚያው ሌሊት ደወለልኝ። «ለእሷ ጨጓራ ነው ብለናል፤ ስትደውዪ እንዳትሳሳቺ» አለኝ። አልተሳሳትኩም። ሰባት ወር ሙሉ አልተሳሳትኩም። በየእሑዱ «በርበሬ ቀንሺ፣ ቡና በባዶ ሆድሽ አትጠጪ» እላት ነበር።

እማዬ ታውቅ ነበር። አንተም ይህ ሳይገባህ አይቀርም። የእድሩን መዋጮ የዓመቱን አስቀድማ ከፍላ ተገኘች። ወርቋን በሦስት ቁራጭ ጨርቅ ቋጥራ ስማችንን ጽፋበታለች። ለፋሲካ የገዛሁላትን ቀሚስ አንድ ቀን ሳትለብሰው ለአክስቴ ሰጥታለች። እየተዘጋጀች ነበር፣ ብቻዋን። እኛ እንዳንጨነቅ «ይሄ ጨጓራዬ» እያለች ከእኛ ጋር ኖረች።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ልታርፍ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ሚስኮል አደረገችልኝ። ስደውልላት ቤት ውስጥ ማንም የለም። «ልጄ፣ አንቺ በሽተኛ ስታገላብጪ ነው የምትውይው። አንቺ አትዋሺኝም። ምንድን ነው ያለብኝ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ «ጨጓራ ነው እማዬ» አልኳት። «እሺ ልጄ» አለችኝ። ቀጥላ ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ፤ ትምህርት ቤት ምሳ ምን እንደሚበሉ። ያ «እሺ ልጄ» አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው።

እውነቱን ብነግራት ኖሮ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ግን የምጠይቃት ብዙ ነበረኝ። ያለእሷ ፈቃድ አገር ጥዬ ስወጣ የተነጋገርነው ክፉ ቃል ነበር። ይቅርታ ልላት እፈልግ ነበር። እንዴት ልበላት? ጨጓራ ለታመመ ሰው የስንብት ይቅርታ አይጠየቅም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የምርመራ ውጤትህ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ወንድሜ ነገረኝ። ክፉ ነገር ከሆነ እንደ እማዬ እናድርግ ብሎኛል። አትቆጣው፤ እያለቀሰ ነው የነገረኝ። ከሚወድህ ብዛት ነው። «ካወቀ ተስፋ ቆርጦ ቶሎ ይወድቅብናል» ብሎ ይፈራል። እኔ ግን እምቢ አልኩት። ለአንተም ሳልነግርህ ዝም ብል ሌላ ድብብቆሽ ስለሚሆን ይኸው ጻፍኩልህ።

ይህ የፈረንጅ አመል ነው እንዳትለኝ። ፈረንጆቹም እንደኛው ነበሩ። በ1961 እዚህ አሜሪካ ሐኪሞች ተጠይቀው፣ ከመቶው 90ዎቹ ካንሰር ለያዘው ሰው ባንነግረው ይሻላል ብለው ነበር። በ1979 ያንኑ ጥያቄ ሌሎች ሐኪሞች ተጠየቁ። ከመቶው 97ቱ መንገር ይሻላል አሉ። 18 ዓመት ብቻ ነው የፈጀባቸው። የቢግ ዳዲ ታሪክ የተጻፈው መደበቅ እንደ ደግነት ይቆጠር በነበረበት ጊዜ ነው።

ደግሞ እኛ ክፉ ወሬ መናገር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። መርዶ ስንነግር የምናደርገውን አስብ። ሰውየው ብቻውን እያለ አይነገረውም፣ በስልክም አይነገረውም። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ይዘን፣ ጎረቤት ቀስቅሰን፣ ውሃ አዘጋጅተን ነው የምንገባው። ከተነገረው በኋላም ጥለነው አንሄድም። ሐዘንተኛውን እንዲህ የምንጠነቀቅለት ሰዎች፣ ለታመመው ለራሱ ለምን እንዲህ አንጠነቀቅለትም? አንተ ራስህ ልጆች ሆነን ስንታመም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትለን ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር ከሥራዬ ተምሬአለሁ። የማውቃቸው ጥሩ ሐኪሞች እውነቱን ዘርግፈው አይሄዱም። መጀመሪያ ይጠይቃሉ። ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ? ይላሉ። ሁሉንም ንገሩኝ የሚል አለ። ለልጄ ንገሩት፣ እኔ ጸሎቴን ልያዝ የሚልም አለ። ሁለቱም መብታቸው ነው። ቢግ ዳዲን ግን ማንም አልጠየቀውም። እማዬንም አልጠየቅናትም። እንዲያውም እሷ ናት የጠየቀችኝ።

ስለዚህ ውጤቱ ሳይመጣ፣ ደህና ሆነህ በረንዳህ ላይ በተቀመጥክበት ልጠይቅህ። አባዬ፣ ማወቅ ትፈልጋለህ?

እፈልጋለሁ ካልከኝ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ከወንድሜ አፍ በስልክ አልሰማውም፣ አንተም ከሐኪሙ ኮሪደር ላይ አትሰማውም። ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ ቲኬቱንም አይቼዋለሁ። እመጣለሁ። ሦስታችንም ልጆችህ ባለንበት፣ ንስሐ አባትህም ከፈለግክ ባሉበት ይነገርሃል። አልፈልግም ካልከኝም አከብርልሃለሁ። ማን እንዲያውቅልህ እንደምትሻ ብቻ ንገረኝ። በኋላ ሐሳብህን ብትለውጥ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ጠይቀኝ። ሁለተኛ «ጨጓራ» ብዬ አልመልስም።

ውጤቱ መልካም ቢሆንም እመጣለሁ። ስለ አያቴ እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ። ከአባይ ማዶ በእግሩ መጣ ከሚለው በቀር ምንም አላውቅም። አልጋህ ሥር ያለውን የእንጨት ሳጥንም እንከፍተዋለን። እማዬ «የአባታችሁ ነው፣ አትንኩ» ትለን ስለነበር ምን እንዳለበት አይቼ አላውቅም።

እሑድ እንደ ሁልጊዜው ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ስለ ጤፍ ከማውራታችን በፊት መልስህን ንገረኝ። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ስልኩን ይዘህ ወደ ጓሮ ውጣ።

የደም ግፊት ኪኒንህን አትርሳ። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለእትዬ ደግሞ ሻሹን ልኬላታለሁ፣ ከደብዳቤው ጋር ነው።

ጉልበትህን ስሜአለሁ።

ልጅህ