ስማቸውን መጻፍ ያልቻልኩት ባለእጅ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የሟቾች የሕይወት ታሪክ የሚወጣበትን ገጽ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። የሹሙን፣ የሐኪሙን፣ የነጋዴውን፣ የዘፋኙን ታሪክ አነባለሁ። ሁሉንም ነፍስ ይማር እላለሁ። ባለፈው ጥር እኔም ቀብር ላይ ነበርኩ። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች፣ እኔም በተወለድኩባት ገጠር። የሟቹ የሕይወት ታሪክ ግን አልተነበበም። የጻፈው ሰው አልነበረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ሟቹ ባለእጅ ነበሩ፤ ብረት ቀጥቃጭ። ሰማንያን አልፈው ነው ያረፉት። ስማቸውን ግን አልጽፍም። ልጃቸውን አስፈቅጄው ነበር። ትንሽ አሰበና «መምህር፣ ስለ አባቴ መጻፍዎን እወደዋለሁ። ስሙን ግን ይተዉት። ልጄ ታጭታለች» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። የባለእጅ የልጅ ልጅ መሆኗ ከተሰማ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ላይመጡ እንደሚችሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ዛሬም ድረስ፣ በዚህ ዘመን። እኔም ስሜን ከጻፍኩ መንደሩ ይታወቃል፣ መንደሩ ከታወቀ እሳቸው ይታወቃሉ። ስለዚህ የእኔንም ስም ትቼዋለሁ።

የሚሠሩበት ጎጆ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ነበር። ልጅ ሆኜ የአባቴን ማረሻ ተሸክሜ የምላከው ወደዚያ ነው። ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው። ባለቤታቸው ከኋላ ተቀምጠው ግራና ቀኝ እጃቸውን እያፈራረቁ ይነፋሉ። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሞላል። ነፋሱ በሸክላው አፍ በኩል ከሰሉ ውስጥ ይገባል። ብረቱ ቀስ እያለ ይቀላል፤ መጀመሪያ እንደ በርበሬ፣ ኋላ እንደ ብርቱካን። ሰውየው ዓይናቸውን ከቀለሙ ላይ አይነቅሉም። ትንሽ ካነሰ ብረቱ አይታዘዝም፣ ትንሽ ካለፈ ይቃጠላል። ልክ ሲሆን በጉጠት መዘዝ ያደርጉትና መስፉ ላይ ያሳርፉታል። ከዚያ መዶሻው ነው። የመዶሻው ድምፅ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። በሰኔ፣ የእርሻው ጥድፊያ ሲመጣ፣ ዶሮ ሳይጮህ ይጀምራል።

ብረቱ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ነጋዴዎች ከደብረ ማርቆስ በአህያ ጭነው ያመጡት ነበር። የጭነት መኪና ተሸክሞ የኖረው ብረት እኛ መንደር ሲደርስ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ወገል፣ ማረሻ ይሆናል።

የገጠሩን ኑሮ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ጤፍ የሚዘራበት መሬት አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል። ያን ሁሉ ጊዜ ማረሻው ከድንጋይና ከአፈር ጋር ሲፋጭ ጫፉ ይበላል፣ ይደንዛል፣ ያጥራል። ሞፈሩንና ቀንበሩን ገበሬው ራሱ ጠርቦ ይሠራል። እርፉንም ድግሩንም እንዲሁ። ማረሻውን ግን አይችልም። ባለእጅ ከሌለ በሬ ቢኖር፣ ዘር ቢኖር፣ ዝናብ ቢዘንብ እርሻ የለም። የእኛ መንደር እንጀራ በሙሉ በእኒያ ሰው እጅ ያለፈ ነው።

ዋጋቸው ገንዘብ አልነበረም። እህል ሲወቃ አውድማው ላይ በቁና ይሰፈርላቸዋል። አሟልቶ የሚሰፍር አለ። «ለከርሞ» የሚልም አለ። ለከርሞ ያላቸውን ሰው ማረሻ በዓመቱ ሳይቀጠቅጡ ሲመልሱ አላየሁም።

እና እንዴት ነበር የያዝናቸው?

እናቴ ደግ ሴት ነበረች። ለማኝ ከደጇ በባዶ እጁ አይመለስም። እሳቸው ውሃ ሲጠይቁ ግን ለብቻዋ የተሰቀለች ቅል ነበረች። ታናሽ እህቴን ታቅፋ ሳለች እሳቸው ካለፉ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። ዓይናቸው ይበላል ተብሎ ነው። ማታ ማታ ጅብ እየሆኑ ይዞራሉ ተብሎ ተነግሮናል። እኛም አመንን። ማታ ጅብ ሲጮህ ስማቸውን እየጠራን የምንስቅ ልጆች ነበርን።

በእኛ አገር ታላቅን ሰው «አያ» ሳይሉ መጥራት ነውር ነው። ሰካራሙንም፣ ነገረኛውንም፣ በሌብነት የሚታማውንም «አያ» እንላለን። እሳቸውን ግን ልጅ አዋቂው «አንተ» ነበር የሚላቸው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው «አንተ፣ ማረሻው ደረሰ ወይ?» ብያለሁ። አሁን «እሳቸው» እያልኩ ስጽፍ እጄ ገና እየለመደው ነው።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ የአባቴን ማጭድ ሰበርኩ። ስንዴ ሳጭድ ድንጋይ አግኝቶት ለሁለት ተከፈለ። አባቴ ቁጡ ሰው ነበር። ሲመሽ ስብርባሪውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ሰውየው እሳቱን ለማዳፈን ሲያዘጋጁ ደረስኩ። ምንም አልጠየቁኝም። ባለቤታቸውን «ንፊ» አሏቸው። ከባሌስትራው ቆርጠው አዲስ ማጭድ ቀጠቀጡ። ጥርሱን አወጡለት። ከዚያ የሠሩት ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። የድሮውን እጀታ ነቅለው፣ የአባቴ መዳፍ ያለሰለሰውን ያንኑ እንጨት፣ ለአዲሱ ማጭድ አለበሱት። አባቴ ሲይዘው እጁ እንዳይጠረጥር ነው። «በል ሂድ፣ ጨልሟል» አሉኝ። ዋጋ አላነሡም።

በማግስቱ አባቴ ሲያጭድ ዋለና «ይሄ ማጭድ ዛሬ ምን ነካው፣ ጥሩ ይበላል» አለ። እኔ አቀርቅሬ ነዶዬን አሰርኩ።

በዚያው ሳምንት ወንዝ ወርደን ሳለ ሴት ልጃቸው እንስራ ተሸክማ መጣች። የእኔ እኩያ ነበረች። ልጆቹ ከላይ እንዳትቀዳ ከለከሏት፤ ከላይ ከቀዳች ውሃው ይረክሳል ብለው። ሰደቧት። ከሰደቧት አንዱ እኔ ነበርኩ። ማጭዱ ቤታችን ተሰቅሎ፣ ጀርባዬ ከጅራፍ ተርፎ፣ የአባቷን ስም እየጠራሁ ሰደብኳት። እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ታወጀ። ርስት የሌላቸው እሳቸውም ከገበሬ ማኅበሩ ቁራጭ መሬት ደረሳቸው። መሬት አገኙ፣ ስድቡ ግን አብሯቸው ቀረ። እኔ ደግሞ ተማርኩ። መምህር ሆንኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ አስተማርኩ።

ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች እንደ ሾሙ ለስንት ሺህ ተማሪ አስጽፌአለሁ። በፈተናም ጠይቄአለሁ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሡ ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲተው አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ መዋረዱ እንዲቀር ነው። አዋጁን አውቀዋለሁ። አንብቤዋለሁ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩትም። በመማሪያው መጽሐፍ የለም እል ነበር። ሌላ ስንት በመጽሐፉ የሌለ ነገር አስተምሬአለሁ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ ሌላውን «ጠይብ» አለው። ልጁ ደብተሩን ዘግቶ ቀና ብሎ አየኝ። እኔን ነው ያየው፣ ተሳዳቢውን አይደለም። «ዝም በሉ፣ ወደ ትምህርታችን እንመለስ» አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሩ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላም አልመጣም። «ጠይብ» የሚለው ቃል «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በዚያች ደቂቃ ብናገራት ምን ነበረበት?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጆቼ «አባዬ፣ የሕይወት ታሪክህን በእጅህ ጽፈህ አስቀምጥልን» አሉኝ። ቀብር ላይ የሚነበበውን ማለታቸው ነው። ጻፍኩት። የተወለድኩበት፣ የተማርኩበት፣ ያስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ያገኘኋቸው የምስክር ወረቀቶች። ሁለት ገጽ ሞላ። መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከቀብሩ ስመለስ አውጥቼ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ግን ከማጭዱ፣ ከእንስራዋ፣ ከባዶው ወንበር አንዱም የለበትም። ከእኔ የሚቀረው የቱ እንደሆነ ሳስብ አደርኩ። ያ ልጅ ዛሬ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። በሕይወት ካለ፣ እኔን የሚያስታውሰኝ በዚያች ደቂቃ ዝምታዬ ነው።

እሳቸው ስማቸውን የጻፉበት ዕቃ የለም። የቀጠቀጡት ማረሻ በየማሳው አፈር ውስጥ አልቋል። ስንት ጊዜ እንደ ታደሰ የቆጠረው የለም። ያቺ ማጭድም የት እንደ ገባች አላውቅም። እኛ ግን በልተን አድገናል።

ልጃቸው ዛሬ ከተማ ውስጥ የብየዳ ቤት አለው። በርና መስኮት ይሠራል። ያው ብረት፣ ያው እሳት ነው፤ ወናፉ በኤሌክትሪክ ተተካ። ደንበኞቹ «ባለሙያው» ይሉታል፤ በአክብሮት። ከየት እንደ ለመደው ሲጠይቁት ማሠልጠኛ ገብቼ ነው ይላል። አልገባም። ከአባቱ ነው የለመደው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ።

አዘጋጅ ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከዚያ ገጽ ላይ ለሸማኔው፣ ለሸክላ ሠሪዋ፣ ለቆዳ ፋቂው፣ ለብረት ቀጥቃጩም ቦታ ስጡ። ስማቸውን ለመጻፍ ቤተሰብ ከፈራ ያለ ስም አውጡት። መምህራን ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ አዋጁን ነገ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ጻፉት። የእኔ ጊዜ አልፏል፣ የእናንተ አላለፈም።

ባለቤታቸው በሕይወት አሉ። ያ ወናፍ የነፉበት እጃቸው አሁን ይንቀጠቀጣል። ባለፈው እሑድ ሄጄ ለጋዜጣ ልጽፍ ነው አልኳቸው። ስማቸውን እንደማላወጣም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ለጋዜጣውስ ልጁ እንዳለው ይሁን» አሉኝ። «ለአርባው ግን እዚሁ ድንኳን ውስጥ አንብብልኝ ልጄ። እዚህ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ስሙን ጠርተህ አንብብ።»

አርባው የፊታችን ቅዳሜ ነው። የማነበውን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አንድ ገጽ ነው። የማጭዱም ነገር አለበት፣ የእንስራዋም። ሴት ልጃቸው እንደምትመጣ ነግረውኛል። ገጹ የሚጀምረው «አያ» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ ስማቸው አለ።

ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር
ከደብረ ማርቆስ