እንግዳው ድሬ ላይ አንድ ጠዋት ይቆይልን

በድሬዳዋ የቱሪዝምን ሥራ ለያዛችሁ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እንግዳ ድሬ ሲገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የሐረር መኪና የት ነው?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። እዚያ ጀጎል አለ፣ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። እኛም ሐረርን እንወዳለን፤ የቅናት ጉዳይ አይደለም። ግን ድሬ ላይ አንድ ጠዋት እንኳ ሳያሳልፍ ሽቅብ ሲወጣ ያስቆጫል። የምጠይቃችሁ ያቺን አንድ ጠዋት ነው።

ምን ሊያይ? ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ገደሉ ላይ የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ፈረንሳዮች ቆፍረውታል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ተመራማሪ ተመላልሶበታል። ከውስጡ ከወጣው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ቀይ አፈሩ ነው። ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ! የዛሬ 40,000 ዓመት አካባቢ ሰዎች እዚያ ቁጭ ብለው ድንጋይ ላይ እየፈጩ ቀለም ያወጡበት ነበር። የመፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ተገኝተዋል። አፉ ላይ ቆመው ወደ ታች ሸለቆውን ሲያዩት ቦታውን ለምን እንደመረጡት ይገባል። ስንቶቻችን የድሬ ልጆች ነን እዚያ የወጣነው? አቦ፣ እንኳን እንግዳው!

ራቅ ብሎ ደግሞ ለገ ኦዳ የሚባል የጥንት የድንጋይ ሥዕል ያለበት ቦታ አለ። ድንጋዩ ላይ ከብት፣ የዱር እንስሳና ሰው ተሥሎበታል። እዚህ ላይ ነው ልመናዬ የሚጠነክረው። እባካችሁ ሲሚንቶ አታስጠጉበት። ሎጅም ካፌም ይቆይ። መጀመሪያ ከየመንደሩ ልጆች ተመርጠው ይሠልጥኑ፤ ጠባቂም አስጎብኚም እነሱ ይሁኑ፤ ደሞዛቸው ከመግቢያ ትኬቱ ይውጣ። ሥዕሉ ደመቅ ብሎ ፎቶ እንዲወጣ ውሃ የሚረጭ፣ ስሙን በከሰል የሚጽፍ ሰው የትም አይጠፋም። ድንጋዩን በእጅ መንካት እንኳ ይጎዳዋል። ጠባቂ ሳይኖር ማስታወቂያ መሥራት ጥፋት መጋበዝ ነው።

ሰዓቱም ይታሰብበት። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ከረፋዱ በኋላ ዳገት የሚወጣ እንግዳ ይረግመናል እንጂ አያመሰግነንም። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ እስከ 3 ሰዓት የሚመለስ ጉዞ ሆቴሎቹ በር ላይ ቢለጠፍ በቂ ነው። ባጃጅ እስከየት እንደሚያደርስ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚያዝ በግልጽ ይጻፍ።

ከተማውን የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱንም አትርሱ። እንግዳ ደረቅ አሸዋ ሲያይ ሜዳ ይመስለዋል፤ ወርዶ ፎቶ መነሳት ያምረዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ያው አሸዋ ነው። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚናገር ሰሌዳ በየመውረጃው ይቁም።

አሁን ባቡሩ ወዳመጣው ሰፈር፣ ወደ ከዚራ። ድሬ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱን በተራራው ወደ ሐረር ማውጣት ወጪው ስለከበደ ሜዳው ላይ ቀረ። ከተማዋም ቀጥ ባለ መንገድና በዛፍ ተተከለች። የእኛ መናፈሻ እንግዲህ መንገዱ ራሱ ነው። አጥርና በር ያለው ፓርክ ከመጨመራችን በፊት እነዚህን ዛፎች እንቁጠር። የደረቀው ይተካ፤ የሚተከለው ደግሞ ጥላ ያለው ይሁን፣ ኒምም ይሁን ሌላ ዛፍ። ዘንባባ ያምራል፣ አልክድም። ጥላው ግን የራሱን ግንድ እንኳ አይሸፍንም።

ወደ ሐረር በሚያወጣው ዳገት፣ ደንገጎ ላይ ደግሞ መኪናው ጠመዝማዛውን ጨርሶ ጫፍ ሲደርስ ዞር ብላችሁ እዩ። ድሬና ሜዳው በሙሉ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ቆሞ ለማየት ግን ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት ነው። መንገዱ ዳር አምስት መኪና የሚያቆም ቦታ፣ የድንጋይ መቀመጫና ንጹህ ሽንት ቤት ቢኖር ይበቃል። ወሰኑ የማን እንደሆነ ለእናንተ ልተወው፤ ከጎረቤት ቢሮዎች ጋር ተነጋገሩበት። መነጋገሩ ከተጀመረ ደርቆ የተመለሰው የሐረማያ ሐይቅም፣ ከባቢሌ ወዲያ አንዱ ባንዱ ላይ የተቆለለው የዳካታ ድንጋይም በዚያው ጉዞ ውስጥ ይገባል። እንግዳ የክልል ካርታ ይዞ አይዞርም።

ሁሉም በአንዴ ይሁን አልልም። የታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፤ አብዛኛው ነግሦ እንደተመለሰ አንድ ቀን አድሮ ነው የሚሄደው። የለገ ኦዳ ጠባቂዎች ተቀጥረው፣ የፖርክ ኤፒክ መንገድ ጠቋሚ ሰሌዳ ከታኅሣሥ 19 በፊት ቢቆም ለዘንድሮ ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከዚራ ነዋሪ