«መደቡ ታጥፏል» ከተባለ ሥራውን አሁን ማን እየሠራው ነው?

ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተን ያገኘነው «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተሙ ቆንጆ ነው፤ መልስ ግን አይደለም። ስለዚህ በአደባባይ እንጠይቅዎ።

አሠሪው 10 እና 15 ዓመት ያገለገለ ዴቨሎፐር (የሶፍትዌር ባለሙያ) ሥራውን ለውጭ ተቋራጭ ሰጥቶ ሲያሰናብት ምክንያቱን «የሥራ መደቡ ስለታጠፈ» ብሎ ይጽፋል፤ ቢሮዎም ተቀብሎ ፋይል ያደርጋል። መደቡ ታጥፎ የተቋራጩ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል ማለት ከሆነ እንስማማለን።

ማጣራቱ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የፕሮግራሙ ጽሑፍ (ኮድ) የሚቀመጥበት ማከማቻ እያንዳንዱን ለውጥ ከነስሙ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይይዛል። ሰውየው በወጣ በወሩ ያንኑ ፋይል ማን እንደነካው ይጠይቁ። በስሙ የነበሩት ቲኬቶች (ቁጥር የተሰጣቸው የሥራ ትእዛዞች) ተዘጉ ወይስ ቁጥራቸው ሳይለወጥ ወደ ሌላ ስም ዞሩ? ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ የሚደወለው ለማን ነው? የታጠፈ መደብ ስልክ አያነሳም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው «የእውቀት ሽግግር» የሚሉት ነው። ተሰናባቹ በቀሩት አራት ሳምንታት ስክሪኑ እየተቀረጸ ተተኪውን ያስተምራል። የርክክቡን ቅጽ ካልፈረመ ከሕጉ በላይ ቃል የተገባለት ክፍያ ይቀርበታል።

ርክክቡ ደግሞ ለወጉ ነው። አንድ የክፍያ ፕሮግራም እንውሰድ። መልስ ሲዘገይበት መጀመሪያ ከ1 ደቂቃ፣ ከዚያ ከ2፣ ከዚያ ከ4 ደቂቃ በኋላ የክፍያ ጥያቄውን ደግሞ ይልክና ያቆማል። ተቀባዩ ሲስተም ተደጋጋሚ ጥያቄን የሚለየው ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው እንበል። ሦስተኛው ድጋሚ ሙከራ 7ኛው ደቂቃ ላይ ስለሚውል ይያዛል። አራተኛው ከ8 ደቂቃ በኋላ ቢጨመር 15ኛው ደቂቃ ላይ ያርፍና ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ኮዱ ውስጥ ያለው «3» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ምክንያቱ ያለው በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ አዲሱ ቡድን «አስተማማኝ እናድርገው» ብሎ 5 ያደርገዋል። ያን ጊዜ ያው የተባረረ ሰው በሦስት ወር ኮንትራት ይጠራል፤ ያለ ዓመት ፈቃድ፣ ያለ አገልግሎት ዘመን።

ደንቡን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158 አንቀጽ 4 የድርጅቱን የአሠራር ፍላጎት በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል፤ ስለዚህ ሥራን ለውጭ መስጠት ወንጀል ነው አላልንም። ግን አንቀጽ 14 ምክንያቱ በጽሑፍ ለእናንተ እንዲደርስ የሚያዘው ልታነቡት ነው። አንቀጽ 2 ደግሞ በጊዜ የተወሰነ ውል ከጥበቃው ማምለጫ እንዳይሆን መከላከያ ይጠይቃል። አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 በኢኮኖሚ ምክንያት የተሰናበተ ሰው አሠሪው ተመሳሳይ ባለሙያ ዳግም ሲቀጥር ቅድሚያ ያግኝ ይላል። ቀጣሪው ተቋራጩ ሲሆን ግን አሠሪው «እኔ መቼ ቀጠርኩ?» ይላል፤ እናንተም ዝም።

የስንብት ማሳወቂያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ይህን ሥራ ከነገ ጀምሮ የሚሠራው ማን ነው?» ከሥሩ የ90 ቀን የኮድ ለውጥ መዝገብና ከተቋራጩ ጋር የተፈረመው ውል ይያያዝ። አራተኛ ማመልከቻ አናስገባም።