«የሰጪ ወሬ ምን ዜና ነው?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኛ ባሕር ዳር ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ «ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ይጽፋል፤ አንቺ እርዳታ የሰጠውን ሁሉ ስታመሰግኚ ትውያለሽ» አሉኝ። ቅር ብሎኛል፤ ስለዚህ ልመልስልዎ።

እኔ የእርዳታ ድርጅቶችን ሥራ የምዘግብ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ ማመስገን አይደለም። ብሩ ከየት መጣ፣ ማን እጅ ገባ፣ ሰጪው ሲሄድስ ማን ይቀጥለዋል ብሎ መጠየቅ ነው። እርስዎ የእድር ገንዘብ ያዥ ሳሉ መዝገቡን ሲያነቡ አንዱ እጁን አውጥቶ «የድንኳኑስ ወጪ?» ይል ነበር። አይቆጡም ነበር። የእኔም ሥራ እጅ ማውጣት ነው።

ሕጉን ይዩት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621፣ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ አሰረ። ብዙዎቹ ተዘጉ ወይም ሥራ ቀየሩ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተተካ። አሁን ማኅበር ነግዶ ትርፉን ለዓላማው ማዋል ይችላል፤ የአስተዳደር ወጪው ግን ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ታዲያ ያቺን 20 በመቶ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው አያስፈልግም?

የጣናን እምቦጭ ያውቁታል። የማጨጃ ማሽን ሲመጣ ካሜራው ሁሉ ሐይቁ ዳር ነበር። ተበላሽቶ ሲቆም መለዋወጫው የት አለ ያለ ጥቂት ነው። አረሙን ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚነቅለው ገበሬ ግን ያውቃል። እኔ እሱን ነው የምጠይቀው።

የሚያስደስተኝ ታሪክም አለ። እርስዎ አራጣ አበዳሪ ሲነሳ ደምዎ ይፈላል አይደል? የባንግላዴሹ መሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ለ42 ድሆች ከኪሱ 27 ዶላር አበደረ፣ ከአራጣ እንዲወጡ ብሎ። ከዚያ ግራሚን ባንክ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰውየውም ባንኩም የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። እሱም ቢሆን ጥያቄ አይቀርለትም፤ አነስተኛ ብድር በየአገሩ ሲባዛ ዕዳ ለመክፈል ሌላ ዕዳ የገቡ ሞልተዋል።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። ድርጅቶቹ በራሳቸው መኪና ይወስዱናል፣ ምሳ ይጋብዙናል፣ አበል ያስፈርሙናል። በልቶ መጠየቅ ያስቸግራል። በራስ ደሞዝ ደግሞ ሩቅ ቀበሌ አይደረስም። እኔ መኪናውን እሳፈራለሁ፣ አበሉን አልፈርምም። ባልደረቦቼ «ጻድቋ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ይቀልዱ። ምሳውን ግን እበላለሁ፣ አልዋሽዎትም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የድሮውን የእድር መዝገብ ለማንም እንዳይሰጡብኝ። መዋጮ ያቃተውን ሰው እድሩ እንዴት ያስተናግደው እንደነበር መጻፍ እፈልጋለሁ። ወንድሜ ከዘጌ በጀልባ ሲመጣ ይላኩልኝ። ቡና ካለም አብሮ። የማይነበበውን ገጽ በስልክ ያነቡልኛል፤ ያን ጊዜ ክርክሩን እንጨርሳለን።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ