ቦቢና የሚመጣው ሕፃን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህቴ ለአራስነቷ ሱሉልታ አንቺ ጋ መምጣቷ ደስ ይላል። ግን ውሻችንን ቦቢን «ሕፃኑ የገባ ዕለት ጓሮ አስረዋለሁ» ያልሽውን አልወደድኩትም። እንዲያ ከሆነ እስራቱን ከሕፃኑ ጋር ያያይዘዋል። ለሰው መስጠቱም ሌሊት ጅብ በሚዞርበት ሰፈር አይመከርም። የሚለወጥ ነገር ካለ ከአሁኑ ይለወጥ።

ከሁሉ በፊት የክትባት ወረቀቱን እዪው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዓመት ካለፈው ዛሬ ነገ ሳትዪ ይከተብ። የትል ኪኒኑን የእንስሳት ሐኪሙ በክብደቱ መጥኖ ይስጠው፤ በየ3 ወሩም ይደገም። ከሥጋ ቤት የምታመጪለትን ሳንባና ጉበት ደግሞ ጥሬውን አትስጪው። ውኃ የቋጠረ እባጭ ያለበት ከሆነ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሳንባና ጉበቱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይንተክተክ። ዓይነ ምድሩም በየቀኑ ይነሣ።

ያ አጭር ሰንሰለት ይቅር፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የታሰረ ውሻ ቁጡ ይሆናል። በሁለት ቋሚ መካከል ወፍራም ሽቦ አስወጥሪና ሰንሰለቱ በቀለበት ይንሸራተትበት። ቋሚው ላይ እንዳይጠመጠም ከሁለቱም ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ ማቆሚያ ይታሰር። ቦታው ከበሩ መተላለፊያ ይራቅ፤ ገንፎ ሊቀምስ የሚመጣው ጠያቂ ብዙ ነው፣ ሰው ሁሉ አጠገቡ ካለፈ ሲጮህ ይውላል።

ከአሁኑ ስልክሽ ላይ የሕፃን ልቅሶ ዝቅ አድርገሽ ክፈቺለት፣ እየሰማ ይብላ። ካልተረበሸ ድምፁን በየቀኑ ጥቂት ጨምሪ፤ መብላቱን ካቆመ ፈጥነሻል ማለት ነው፣ መልሰሽ ቀንሺው።

እህቴ ከሆስፒታል ስትመጣ መጀመሪያ ብቻዋን ገብታ ሰላም ትበለው። ናፍቋት ይዘላል፣ ያኔ ሕፃኑ እጇ ላይ መሆን የለበትም። በማግሥቱ ግቢው ጸጥ ሲል ወንድሜ ቦቢን በገመድ ይያዝ፣ ሕፃኑን የታቀፈው ሰው 4 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ስሙ ሲጠራ ዞር ካለ ቁራሽ ዳቦ ስጡት። በየቀኑ ትንሽ ቀረብ እያላችሁ ቦቢ የሕፃኑን እግር ያሽትት፤ ፊቱን ግን በጭራሽ።

የቦቢ ሰውነት ከደረቀ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ካፈጠጠ ወይም የዓይኑ ነጭ በጎን ከታየ ቀስ ብላችሁ አርቁት። ሲያጉረመርም አትምቱት፤ ማጉረምረሙን ብታስተዉት ፍርሃቱ አይለቀውም፣ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ነው የሚማረው።

ጠዋት ሕፃኑን ፀሐይ ስታሞቁት አንድ ነገር እወቂ፦ ቅቤ የተቀባ ሕፃን ለውሻ ይሸታል። ቦቢ ሽቦው ላይ ይሁን፣ ሕፃኑ ከምንጣፍ ይልቅ እቅፍ ላይ ይሁን። የቆሸሸውን ዳይፐር ክዳን ባለው ባልዲ አድርጉት፤ ውሻ ጎትቶ ማውጣት ይወዳል። ቡና እስኪፈላ እንኳ ሁለቱ ብቻቸውን አይቀመጡ። እዚህ ላይ «ቦቢ እኮ የዋህ ነው» አትበዪኝ።

ከነከሰ ወይም ቆዳ ከጫረ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠብና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቡናም በርበሬም አትነስንሱበት። ውሻው ተከትቧል ተብሎ አይቀር። ቦቢም 10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ፤ አትግደሉት፣ አትልቀቁትም፤ ጤናው የሚታወቀው በነዚያ ቀናት ነው።

ሽቦውንና ቀለበቱን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ፤ ቋሚዎቹን ብቻ አስተክዪ። ጎረቤቶችን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

ልጅሽ